ቅርንፉድ የሌለበት ሻይ

ለምወድሽ ልጄ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም። እንደምን አለሽልኝ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ቢያኮርፍም ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤት ለቀቀች። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

የአባትሽ ሳል ግን አልለቅ ብሏል። ዕድሜ ልኩን ሲልገው የኖረው እንጨት ብናኙ ሳንባው ገብቷል አለን ሐኪሙ። ዝንጅብል ወቅጬ፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አፍልቼ፣ ናናውን መጨረሻ ላይ ጣል አድርጌ ማታ ማታ እሰጠዋለሁ። "ቅርንፉድ አበዛሽ" ይለኛል ሁልጊዜ። ታውቂው የለ፣ ሳይነጫነጭ አይጠጣም።

እሑድ ዕለት ቅርንፉድ አልቆብኝ ያለ እሱ አፈላሁለት። ፉት አለና፣ "ዛሬም ቅርንፉድ አበዛሽ" አለኝ።

"እሺ፣ ነገ እቀንሳለሁ" ብዬ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።

ለካ ጣዕሙም ሽታውም ጠፍቶበት ኖሯል። እንደ ድሮው የሚነጫነጨው እኔ እንዳላውቅበት ነው። እኔም እንዳላወቅሁ ሆኜ አለሁ፤ ቅርንፉዱን ገዝቼ እጨምርለታለሁ።

የእጅሽ ሥራ ይባረክ፤ በሄድሽበት ሰው አይጥፋብሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስትደውዪ ሻዩ ይጥማል ወይ ብለሽ አትጠይቂው። ሌላ ሌላውን አውሪው። ጆሮው ገና አልከዳውም።

እናትሽ