ዓሣ ነባሪውን ያየችው ሀያት ናት

ሐሙስ፣ የካቲት 12፤ መካነ ሰላም

ታናሽ እህቴ ሀያት ዛሬ ከባሕር ላይ ቪዲዮ ላከችልኝ። ልጅ የምትጠብቅላቸው አረቦች በትንሽ መርከብ ሽርሽር ሲወጡ እሷንም ይዘዋት ሄደዋል። ዓሣ ነባሪ ከውኃው ብቅ ብሎ ትንፋሹን ሽቅብ ሲረጭ ይታያል። «እታለም፣ ይኼ የሚያክል ዓሣ ምንድን ነው?» ትላለች።

እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይኸንኑ ፍጥረት በጠመኔ ስስል ኖሬያለሁ። እሷ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሄዳ በዓይኗ አየችው! እማዬ ደግሞ ስልኬን ነጥቃ «የኔ ሀያት ያላየችው የአላህ ፍጥረት የለም» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። እርር ድብን አልኩ።

«ዓሣ አይደለም፣ አጥቢ እንስሳ ነው» ብዬ መለስኩላት። ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላልኩም።

ቆይታ ድምፅ ላከች፦ «እነሱ በጀልባ ሲቀዝፉ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሰው ሲዋኙ፣ እኔ ሕፃኑን ታቅፌ ፎጣ ስጠብቅ ዋልኩ። ቪዲዮውን የቀረጽኩት ላንቺ ብዬ ነው። እስኪ ስለሱ አስተምሪኝ።»

አፈርኩ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ ምን ምን እንደሚሸት መጽሐፌ አይናገርም። እሷ ታውቃለች። ልጠይቃት ብዬ ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁት።