ሰላምታ የማያውቀው ደዋይ

ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

አባዬ፣ ነፍስህ እንዴት ሰነበተች? የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ከየት እንደምጀምረው ግን አላውቅም። ተታልያለሁ። ለእማዬም አልነገርኳት። ላንተ ልንገርህና ይቀለኝ እንደሆነ ልየው።

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። ቀይዋ ፍየል መንታ ወልዳለች፤ አንደኛው ግልገል ጠዋት ጠዋት መደብህ ላይ ወጥቶ ይቆማል። እማዬ «አባወራው መጣ» እያለች ትስቃለች። አምና ቢሆን አለቅስ ነበር፤ አሁን አብሬያት እስቃለሁ። ስልክህም ከበሩ መቃን ላይ፣ አንተ በመታኸው ምስማር፣ ከፍየል ቆዳ በሰፋህላት ከረጢት ውስጥ እንደተንጠለጠለች ናት። ኔትወርኩ ዛሬም ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አላለም፤ የሚያናግር ሰው አንድ እግሩን ከቤት፣ አንድ እግሩን ከደጅ አድርጎ ይቆማል።

ወንድም ጋሼ ከአዲስ አበባ የሚደውለው በዚችው ቁጥር ነው። እኛ የእሱን አናውቅም፤ ሥራ በቀየረ ቁጥር ስልኩም ይቀየራል። ይህች መስመር ብትዘጋ ወንድሜም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ከገና በፊት አንድ ቀን፣ እማዬ አውድማ ሄዳ ብቻዬን ሳለሁ ስልኳ ጮኸች። ሰው ማናገር እንደምፈራ ታውቃለህ፤ ግን ወንድም ጋሼ ቢሆንስ ብዬ አነሳሁ። የማላውቀው ሰውዬ ነው። «ከስልክ መሥሪያ ቤት ነው። መስመራችሁ ተበላሽቷል። አሁን ካልጠገንኩት ዛሬ ማታ ለዘላለም ይዘጋል» አለኝ። ካርድ ካላችሁ ፋቂና ቁጥሩን ንገሪኝ፣ በእሱ ነው የምጠግነው አለ። መስመሩ እንዳይዘጋ ብለን ከረጢቷ ውስጥ ያስቀመጥናት አንዲት ካርድ ነበረች። እስከ ስድስተኛ ክፍል መማሬ ለዚህ ቀን የጠቀመኝ መስሎኝ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ አስተማሪ አንድ በአንድ አነበብኩለት። እንኳን «እግዜር ይስጥልኝ» ሊል፣ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ያንተ ቃል ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። «ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳይ የሚጀምር ሰው፣ ወይ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ወይ የሰው ቤት ሊያቃጥል ነው» ትል ነበር። ወንድም ጋሼ ሲደውልልህ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ አከራዩ ጉንፋን ጠይቀህ ሳትጨርስ ካርዱ አልቆበት ይቋረጣል። ጉዳዩን ሳይናገር ቀረ ብዬ ስነጫነጭ፣ «ጉዳዩማ ይኸው ነው» ትለኝ ነበር።

ስልኳን ቻርጅ ላስደርግ ሰቆጣ ስሄድ፣ ካርድ ለምትሸጥልን ባለሱቅ ለእትዬ ከድጃ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት። «አንቺ ልጅ፣ ስልክ መሥሪያ ቤት ካርድ ይሸጣል እንጂ ካርድ ይለምናል እንዴ? ሌባ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን ከረሜላ ሰጠችኝ። አፍሬ ነበር፤ ግን በላሁት።

ሐሙስ ዕለት እንደገና ደወለ። ያነሳችው እማዬ ናት። ውኃ ቀድቼ ደጅ ስደርስ ያ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እንደ ንብ ሲጮህ ሰማሁት። እማዬ የመሥሪያ ቤት ልጅ ከሩቅ አስታውሶ የጠየቃት መስሏት ደስታዋ ሌላ ነው። ሰላምታውን በኽምጣኛ ጀመረች። እንዳልገባው ስታውቅ ሁሉንም ከመጀመሪያው በአማርኛ ደገመችለት። «እናትህ ደህና ናት? አባትህስ አለ? ከብቱስ? አገባህ? ምነው ሳታገባ?» እሱ መስመራችሁ ተበላሽቷል ይላል፤ እሷ «እሱስ ይደረስበታል፣ የማን ልጅ ነህ?» ትለዋለች። ነጥቄ ልዝጋው ብዬ ተራመድኩ፤ ለምን ብትለኝ ግን ምን እላለሁ? ወዲያው ስልኩ ጭጭ አለ። እማዬ አገላብጣ አየችውና «ውይ ምስኪን፣ ካርዱ አለቀበት! የእናቱን እንኳ ሳይነግረኝ» አለች። አባዬ፣ እንስራዬን አውርጄ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አንተ ከሞትክ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ሳቁ ግን ዛሬ አለቀ። እማዬ «የመሥሪያ ቤት ልጅ ጠየቀኝ» ብላ ለመንደሩ ሁሉ አውርታ ኖሯል። ጎረቤታችን እትዬ ዝማም መጣች፤ ለእሷም ደውሎ ካርድ ገዝተሽ ጠብቂኝ ብሏታል። የልጇን ድምፅ ከዓረብ አገር የምትሰማው በስልኳ ብቻ ነው። «አንቺን የጠየቀ ልጅ ከሆነማ አምነዋለሁ» ብላ፣ ሰኞ ካርድ ልትገዛ ሰቆጣ ልትሄድ ነው። እማዬም «እናቱ ደህና መሆኗን ጠይቂልኝ» አለቻት። እኔ ጥግ ይዤ ጥጥ እፈትል ነበር። እንዝርቴን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ነገ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር አረፍ ሲሉ ተነስቼ እናገራለሁ፤ ሲጠሩኝ እንኳ ራሴን ነቅንቄ የምመልሰው እኔ። ለሌባው ካርዱን ያነበብኩለት እኔ መሆኔን እማዬም እዚያው ትስማው። ይስቁብኝ ይሆናል፤ ይሳቁ። አንተን ዕድሜዬን ሙሉ የማስብህ በዚያች የሰላምታ ቃልህ ነውና፣ ነገም ጉዳዬን አላስቀድምም። የእትዬ ዝማምን ልጅ፣ የሁሉንም ጉልበት፣ የሁሉንም ፍየል አንድ በአንድ ጠይቄ እጨርሳለሁ። ሌባው ሰላምታውን ዘሎ ነው ጉዳዩን የጀመረው። እኔ ከሰላምታው እጀምራለሁ።