ቢራቢሮዎቹ ሁለት ናቸው

ይማሜ፣

አፈር ከለበስክ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ይህን የምጽፍልህ በመሠረተ ትምህርት «ሀ» ብላ ስትጀምር የሳቅክባት ዘይነባህ ነኝ። አሁን እጄ ተፈትቷል። የጎጆውን ክዳን በአዲስ ሣር አስለውጫለሁ። ልጃችን ሐዋ የፊት ጥርሶቿን ነቅላ ስትስቅ አንተን ቁርጥ ሆናለች።

ከወሎ አምጥተው አሶሳ ሲያሰፍሩን ሁላችንም የምናየው የጎደለንን ነበር። አንተ ግን ማሽላ ከወፍ ስትጠብቅ ቀያዮቹን ቢራቢሮዎች አየህ። እኛ አንድ ናቸው ስንል አንተ ሁለት ናቸው አልክ። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ጎረቤታችን አብዱራህማን ሰምቶ፣ «ይሄን ወፍ አይበላውም፣ መራራ ነው። ያኛው ውሸታም ነው፣ መራራ ይመስላል» አለህ። ስንቅህን መብላት የረሳኸው ያን ቀን ነው። መራራዋን፣ ጦቢያ በሚሉት ወተታም ቁጥቋጦ ላይ የምታድገውን፣ የኋላ ክንፏ መሃል ሦስት አራት ጥቁር ነጥብ ያላትን በደብተርህ ለብቻ ሣልክ። አስመሳይዋን ደግሞ፣ የኋላ ክንፏ የፊት ጠርዝ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ያላትን፣ በሌላ ገጽ።

ከዚያ ወባው ጣለህ። ሦስት ጊዜ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ሦስት ጊዜ «ኪኒን የለም» አሉኝ። በአምስተኛው ቀን ቀበርንህ።

ለቅሶው ሳይወጣልኝ የሰፈራው ካድሬ ጠራኝ። ወረቀቱ «ይማም ሥራውን ትቶ ቢራቢሮ ሲያባርር ታሞ ሞተ» ይላል።

«ፈርሚ» አለኝ።

«ባሌ የሞተው ኪኒን ጠፍቶ ነው።»

«ቢራቢሮ ሲያይ አልነበረም?»

«ማሽላውን እየጠበቀ ያያቸው ነበር። ሁለት ዓይነት ናቸው።»

«ቢራቢሮ ቢራቢሮ ነው!»

«ጓድ፣ እርስዎ አንድ ናቸው ስላሉ አንድ አይሆኑም» አልኩት።

የወሩን ስንዴ ከለከለኝ። አብዱራህማን ማሽላ፣ ሚስቱ የደረቀ ባሚያ አመጡልን። ደግሞ ጠራኝ፤ አልፈረምኩም። በሦስተኛው ሰባት ሴቶች ተከተሉኝ፤ ሁሉም ባሎቻቸውን ወይም ልጆቻቸውን በወባ የቀበሩ። «እኛንም ጠይቁን፣ ሟቾቻችን ምን ሲያዩ ነበር?» አሉት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ስንዴው ተሰጠኝ። ኪኒኑ ዛሬም አንድ ቀን ይኖራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ስምንታችን ግን በየሳምንቱ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመን እንጠይቃለን። ሰልችተናቸዋል፤ እኛ ግን አልሰለቸንም።

ሰሞኑን ጦቢያው ላይ አንዲት እንግዳ አገኘሁ። የፊት ክንፎቿ ጫፍ እንደ ሁለቱ ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ እስከ ዳር ቀይ ነው። ትንፋሼን ይዤ የኋላ ክንፏን ቆጠርኩ፤ አራት ነጥብ። መራራዋ ናት፣ ልብሷን ቀይራ! አንተ ይህችን አላየሃትም። በደብተርህ ከሥዕሎችህ ቀጥሎ ሣልኳት፣ ከሥሯም «ያየቻት ዘይነባ፣ የይማም ሚስት» ብዬ ጻፍኩ።

አልረሳህም። ማንም በውሸት እንዲያስታውስህም አልፈቅድም።

ዘይነባህ