በሕይወት ያለ ልጄን ስለቀበሩልኝ

ለክቡር የጦር መምሪያ የበላይ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ ይበጅዎታል? ከባሕሩ ማዶ ባለው ቢሮዎ ነፋስ ገብቶ ካርታዎን ከጠረጴዛው ላይ እንደማያበርብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የደሴቲቱ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ለማመን ቢያስቸግርዎም፣ እኔም ልጄም ደህና ነን።

ለሐውልቱ ምርቃት “የሰማዕት እናት” ሆኜ ከፊት ወንበር እንድቀመጥ የላኩልኝ ጥሪ ደርሶኛል። ከዚያ በፊት ግን ያልከፈልኳቸው ምስጋናዎች ስላሉብኝ፣ የደሴቲቱም ሰው እንዲሰማቸው ስለፈለግሁ፣ በግልጽ መጻፉን መርጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዕቅዱ አመሰግናለሁ። ዓሣ አጥማጆቻችንን ከነጀልባዎቻቸው ወስደው የጠላት ጠረፍ ላይ ሲያወርዷቸው፣ መሄጃውን አስበው መመለሻውን ለሌላ ቀን ማቆየትዎ የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ውሃና ጥይት የጫነው መርከብ ያን ዕለት ሌላ ወደብ ላይ ሰልፍ ሲያደምቅ መዋሉን ዘግይተን ሰማን። ልጆቹ አሸዋው ላይ ሆነው ይጠብቁት ነበር አሉ። ዛሬ ወደባችን ጭር ብሏል። ጀልባ የሌለው ወደብ ለዋና እንዴት እንደሚመች አላውቅም ነበርና ለዚህም አመሰግናለሁ፤ የሚዋኝ ልጅ ብቻ ነው የጠፋው።

ሁለተኛ፣ ልጄን ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ። መልማዮችዎ ሲመጡ “ዳቦ ቤቱ ለጦሩ ያስፈልጋል” ተብሎ እሱ ቀረ። ጸሐፊያቸው ግን “ቁጥሩ መጉደል የለበትም” አለና፣ መዝገቡ ላይ ስም እንኳ ሳይቀይር፣ በልጄ ቦታ የጎረቤቴን ልጅ አሰለፈ። ጎረቤቴ መረብ ጠጋኝ ናት። ባሏን ባሕር ከወሰደባት ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነበር፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ እንለው ነበር። ሽቦ ጀልባው ላይ ሲወጣ ወደ እኛ ዞሮ፣ “ዳቦዬን አስቀምጡልኝ!” ብሎ ቀለደ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ደግሞ በሆዴ ተመስገን አልኩ።

ሦስተኛ፣ ስለላኩት ጨዋ መቶ አለቃ አመሰግናለሁ። የመጣው ጧት፣ ሰው ለዳቦ ተሰልፎ ሳለ ነው። ጎረቤቴም ከሰልፉ ውስጥ ነበረች። ባርኔጣውን አወለቀ፤ የልጄን ስም ከነአባቱ ጠራና፣ “እናቱ እርስዎ ነዎት? በጀግንነት ወድቋል፤ ያጽናዎት” አለኝ። ልጄ ከጓሮ ክፍል እጁ በሊጥ እንደተለወሰ ብቅ ብሎ፣ “እማ፣ ማነው የጠራኝ?” አለ።

ክቡር ሆይ፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። “እሰይ! እሰይ! የኔ አይደለም!” እያልኩ ጮህኩ። ፊቱን፣ ሊጥ የነካውን እጁን ሳምኩት፤ ሳቅሁ። መቶ አለቃዎ ወረቀቱን አገላበጠና፣ “ታዲያ የሞተው ማነው?” ብሎ ሰልፈኛውን ጠየቀ።

“የኔ ነው” አለች ጎረቤቴ። ቀስ ብላ፣ የጠፋ ዕቃዋ ተገኝቶ “የማን ነው?” እንደተባለች ሁሉ። እኔ ያን ጊዜ ገና እየሳቅሁ ነበር።

ይህን ሳቅ ከጉሮሮዬ የሚያወጣልኝ ሐኪም በመምሪያዎ ካለ ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ድረስ ሄጄ ነበር። መረቡን ከጭኗ ሳታወርድ፣ “እህቴ፣ እኔም ብሆን እጮህ ነበር” አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ! አሁንም ዳቦ ከእኔ ትገዛለች፤ እኔ ነኝ ቀና ብዬ የማላያት። ልጄ ውሃዋን ይቀዳላታል፣ በሯን ይጠግንላታል፤ “ግባና ተቀመጥ” ስትለው ግን እግሩ ከደጃፉ አያልፍም።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ድንጋዩ ነው። የሚያምር ድንጋይ ነው። የልጄ ስም ከነአባቱ በወርቅማ ቀለም ተቀርጾበታል፤ የሽቦ ስም የለም። እንዲታረም ብንለምን ቢሮዎ፣ “የተቀረጸ አይነካም፤ ልጅዎም ቢሆን መከበሩ አይከፋውም” ሲል መለሰልን። የሽቦ እናት ከሥራ ስትመለስ እዚያ ትቆማለች። መቃብር የላት፣ የምትዳስሰው ሌላ ስም የላት፤ የልጄን ስም በጣቷ እየዳሰሰች ታለቅሳለች። ልጄ ካያት መንገድ ቀይሮ፣ ዙሪያውን ዞሮ ወደ ቤት ይመጣል። እራቱን አይበላም።

እንግዲህ በጥሪዎ መሠረት እመጣለሁ፤ የምቀመጠው ግን ከኋላ ነው። የፊቱ ወንበር የእሷ ነው። ድንጋይ ጠራቢያችንም መሮውን ይዞ ይመጣል። ከክቡርነትዎ የምንለምነው ዘበኞችዎን ለትንሽ ጊዜ ዞር እንዲያደርጉልን ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሚቀጥለው ጦርነትዎም መመለሻ ያለው ዕቅድን እየተመኘሁ፣

የማይገባትን ሐዘን በክብር የተሸለመች፣ የማይገባትንም ደስታ በቤቷ ደብቃ የምትኖር፣
ታዛዥዎ ዳቦ ጋጋሪ።

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ልጄም ይመጣል። የወደቁት ስም በየተራ ሲነበብ የእሱ ላይ ሲደርሱ “አቤት!” ብሎ እንዲነሣ ነግሬዋለሁና፣ ንግግርዎን ይህንኑ አስበው ቢያዘጋጁት መልካም ነው።