የተሸፈነው ብረት

መጋቢት 9 ቀን

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ቤታችን ላይ የምንጨምራቸው ሁለት ክፍሎች ግን ቆመው ሰነበቱ። ጉዳዩን ከእናትሽ ስልክ ከምትሰሚው ከእኔው ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የግንባታ ፈቃዱ የምሶሶው ብረት ታስሮ እንዳለቀ፣ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ተቆጣጣሪ ጠርታችሁ አሳዩ ይላል። አንዴ ከተሸፈነ ውስጡን ማን ያያል? አርባ ዓመት ብረት ሳስር ይህን ለስንቱ አስተምሬያለሁ። እንግዲህ እኔው ሳላሳይ ሞላሁት።

ተቆጣጣሪዋ መጥታ ለምን አልጠራችሁኝም ስትል፣ ለግንባታ ጽሕፈት ቤቱ ደውዬ ነበር ብዬ ድርቅ አልኩ። እናትሽ አልደወልክም አለች፤ ጮህኩባት። በኋላ ስልኬን ከፍታ አሳየችኝ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ የተደወለ ነገር የለም።

ተቆጣጣሪዋ በአንቺ ዕድሜ ያለች ትሑት ልጅ ናት። የማዕዘኑን ምሶሶ እየዳሰሰች ስንት ብረት እንዳለው፣ ብረቱን የሚያቅፉት ስታፋዎች በስንት ሳንቲም ርቀት እንደታሰሩ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለውን በእንቅልፍ ልቤም እመልሰው ነበር። ምንም አልመጣልኝም። ፕላኑን ገልጬ ማንበብ ስጀምር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አባባ፣ ፕላኑንማ እኔም አይቼዋለሁ። እርስዎ ያሰሩትን ነው የጠየቅኩዎት» አለችኝ።

ሥራ እንድናቆም የሚያዝ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ምሶሶው ተሰብሮ ይታያል፤ ብረቱ ጎድሎ ከተገኘ የሠራነው ሁሉ ይፈርሳል አለችን። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር አውጥቼ ምሶሶው አጠገብ ተቀመጥኩ። እናትሽ ደግሞ ታውቂያት የለም፣ እንዳይሰርቁህ ነው ወይ የምትጠብቀው እያለች ታሾፍብኛለች። እኔ ያሰርኩበትን ቀን ነበር የምፈልገው። ሽቦውን ስቆርጥ፣ ጉጠቱን ስጠመዝዝ፣ አንዱም ትዝ አላለኝም። ፈራሁ ልጄ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ትናንት ተሰበረ። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ ብረቱን ቆጠረች፣ የስታፋዎቹን ርቀት በሜትር ለካች። አንድም አልጎደለም። እንዲህ ያማረ አስተሳሰር አይታ እንደማታውቅ ነግራን ፈረመች። እናትሽ በደስታ አለቀሰች። እኔም አርባ ዓመት የሠራሁት ለምን ሆነና ብዬ ሳቅሁ።

ሁሉም ሲሄዱ ብቻዬን ጎንበስ ብዬ አየሁት። የሽቦው አቋጣጠር የእኔ ነው፤ ከሺህ ሰው ሥራ መካከል እለየዋለሁ። ማሰሬን ግን እስካሁን አላስታውስም። ይህን ለእናትሽ አልነገርኳትም።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። የምታስታምሚያቸው ሁሉ ይዳኑልሽ። ክፉ አይንካሽ።

በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ክፍሎቹ ባያልቁም፣ ዘንድሮ ብትመጪ ደስ ይለኛል።

የሚወድሽ አባትሽ