ፍሪዘር ውስጥ ያደረው መድኃኒቴ

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ዓይንሽስ ተሻለው ወይ? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱ ሊላህ በሕይወት አለሁ። ይህን ለአፌ ያህል ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ ከሞት ተርፌ ነው የምጽፍልሽ።

እንደምታውቂው የጨርቅ ሱቄ መብራት የላትም። ስለዚህ የስኳር መድኃኒቴን፣ ኢንሱሊኑን፣ አጠገቤ ለስላሳ የሚሸጠው የጅማው ልጅ ሐቢብ በፍሪጁ ያስቀምጥልኛል። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ያቀብለኛል፣ እወጋለሁ። አንድም ቀን አላዛነፍኩም። ግን ከረመዳን ወዲህ ውሃ ጥሙ አላስቀምጥ አለኝ። ብጠጣ ብጠጣ አይቆርጥልኝም። ጨርቅ ስለካ የሜትሩ ቁጥር ይደበዝዝብኛል። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት፤ እዚህ ጁባ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ያልጠማው ማን አለ!

ያለፈው ሰኞ ደንበኛ ፊት ተዘረርኩ። ሐቢብ በቦዳቦዳ ሞተር ደግፎ ክሊኒክ አደረሰኝ። ነፍስ ስዘራ ሐኪሙ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃል። ሐቢብ ደረቱን ነፍቶ፣ “ከረመዳን ወዲህ፣ ቀን ጄኔሬተሩ ሲጠፋ እንዳይሞቅባት እንደ ውሃዎቹ ማታ ፍሪዘር አስገባዋለሁ፤ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ እስኪቀልጥ በእጄ ይዤ እሰጣታለሁ” አለ። ሐኪሙ ራሱን ያዘ። ለካ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም ዋጋ የለውም! ያን ሁሉ ጊዜ በገዛ እጄ ከውሃ የማይሻል ነገር ስወጋ ኖሬያለሁ። ሐቢብ “ማሌሽ፣ ይቅር በይኝ” እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሊገድለኝ የነበረው እኮ ስለሚያዝንልኝ ነው። አሁን የሸክላ ማሰሮ ገዝቶልኛል፤ አዲሱን መድኃኒት ውስጡ አድርጌ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ጥላ ውስጥ አኖራለሁ። ሐኪሙም ይሁን ብሏል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ድንጋጤ ግን አልጋው ላይ እንዳለሁ መጣብኝ። በዒድ ስንደዋወል “የስኳር መድኃኒቴን እንዳይበላሽብኝ ከሥጋው ጋር፣ በረዶ የሚሠራበት ላይ አድርጌዋለሁ” አላልሽም? በቀደም ደግሞ “ውሃ ጥሙ ገደለኝ” አላልሽም? እማዬ፣ እኔንም የጠማኝ እንዲሁ ነበር! ትናንት ደውዬ ብለፈልፍ “እኔ ምንም አልሆንኩም” ብለሽ ዘጋሽብኝ። ስለዚህ ነገ ወደ አገር ቤት በምትበረው በገበያ ጓደኛዬ በሰዓዲያ እጅ ይህን ደብዳቤ እልክልሻለሁ።

ወንድሜን ሙሔን ሰላም በይልኝ፤ ዛሬውኑ ሥራውን ትቶ ሐኪም ቤት ይውሰድሽ። አክስቴን ጀውሀራን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ዱዓዋ አይለየኝ።

ይህን የምታነቢላት እህቴ ሰሚሃ፣ አንቺንም በጣም ናፍቄሻለሁ። አሁን ግን ንባቡን አቁሚና ተነሺ። ብልቃጦቹን ከበረዶው ውስጥ አውጪ፤ አንዷንም እንዳትወጋ። ውሃ አምጪ ስትልሽም ውሃ ብቻ ሰጥተሻት ዝም አትበዪ።

ልጅሽ ዘኪያ
ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ
ግንቦት ፲ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.