የባለቤቴ እብጠት ከነጠርሙሱ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ዶክተር ቴዎፍሎስ፣
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እጅዎ እንዳይዝል፣ ምላጭዎም እንዳይዶለዱም ከልብ እመኛለሁ። እኛ ጫጫ ያለነው፣ ከባለቤቴ ከእናናየሁ ጭን በስተቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው ዓመት ከጭኗ ያወጡላት እብጠት ተመልሶ በመብቀሉ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተገድጃለሁ።

፩. እብጠቱ በጥቂት ወራት ከእንቁላል ተነስቶ ቡጢ ቢያክልም፣ እርስዎ አንዴ በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ሞራ ነው በማለትዎ ከራጅና በመርፌ ናሙና ከመስጠት ጣጣ ገላግለውናል። ቶሎ የሚያድግና ወደ ውስጥ የጠለቀ እብጠት ምላጭ ሳይነካው በፊት ምንነቱ መታወቅ እንዳለበት የሰማነው ኋላ አዲስ አበባ ካዩዋት ሐኪሞች ነው። እርስዎ ያልነገሩን እንዳንጨነቅ አስበው ይሆናል፤ እግዜር ይስጥልን።

፪. የወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ በመላክ ፈንታ፣ የማርማላታ ወረቀቱ ባልተላጠለት ጠርሙስ ተከቶ በእንግዳ መቀበያዎ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ሙያዎን እንዲያደንቅ ነው አሉ። ኤጭ! ቄራ የሚታረድ በግ እንኳ ጉበቱ ተገላብጦ ይታያል፤ የእናናየሁ ሥጋ ግን ለጌጥ ተፈለገ። ክሯን ልታስወጣ የመጣች ዕለት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነው ተራዋን የጠበቀችው። ከዚያ ወዲህ ማርማላታ ቤታችን አልገባም።

፫. እብጠቱ ሲመለስ ጠባሳ ነው፣ በቅቤ ይታሽ ብለው ስላዘዙ ክረምቱን ሙሉ አሸሁት። አዲስ አበባ ሲመረመር ግን ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ በገዛ እጄ ካንሰር ሳሽ ከረምኩ፣ ዶክተር!

አሁን የአዲስ አበባዎቹ ሐኪሞች እግሯን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ ለመወሰን፣ መጀመሪያ የወጣው ሥጋ ምን እንደነበረና የተቆረጠበት ጠርዝ ከካንሰር ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ማየት ይፈልጋሉ። ሥጋው የት እንዳለ ሲጠይቁን መደርደሪያ ላይ ነው ብለን ስንመልስ፣ እርስ በርሳቸው ተያይተው ዛሬውኑ አምጡት አሉን። ስለዚህ ጌጥዎን ማጉደል ድፍረት ባይሆንብኝ፣ ጠርሙሱን እንዲመልሱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣ ጎንበስ ያልኩትም ስላቅለሸለሸኝ የሆነው፣
ወልደሩፋኤል ባየው
ከጫጫ

ማስታወሻ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ትዕግሥት አጥቼ ጠርሙሱን ራሴ ልወስድ ክሊኒክዎ መጥቼ ነበር። ሠራተኞችዎ በደግነት የፈለግኸውን አንሳ አሉኝ። መደርደሪያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሥጋ በያዘ ጠርሙስ ሞልቷል፤ የሰው ስም ያለበት ጠርሙስ ግን አንድም አላገኘሁም፤ ሁሉም ላይ የተጻፈው ማርማላታ ነው። እባክዎ ዶክተር፣ የእናናየሁ የትኛው ነው?